ቲፒአይ ምንድን ነው? «ጥርሱ የበዛ ይሻላል» ለሚሉ

ባለፈው ቅዳሜ የሰፈራችን ልጅ የባንድ ሶው (ምላጩ እንደ ቀበቶ የሚዞር መጋዝ) ምላጭ በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ። «ጋሼ፣ አዲስ ነው፤ ሁለት ቀን እንኳ አልሠራም» አለኝ። ወደ ብርሃን አውጥቼ አየሁት። የጥርሶቹ ጫፍ ያብለጨልጫል፤ ስለታም ጥርስ ደግሞ አያብለጨልጭም። በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ጎድጓዳ በብረት ፍቅፋቂ ተደፍኗል። ምን ስትቆርጥበት ነበር ብለው 50 ሚሊ ሜትር ድፍን ዘንግ ነው አለ። ምላጩ 24 ቲፒአይ ነው። ሻጩ «ይህ ከ14ቱ ይበልጣል፤ ጥርሱ ብዙ ነው» ብሎ ሸጦለታል።

ይህችን «ይበልጣል» ስሰማ ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ እንጃ። ቲፒአይ በአንድ ኢንች፣ ማለትም በ25.4 ሚሊ ሜትር ርዝመት ውስጥ ያሉት ጥርሶች ቁጥር ነው። የጥራት ደረጃ አይደለም፤ የጥንካሬ መለኪያም አይደለም። ጥንካሬው የሚመጣው ጥርሱ ከተሠራበት ብረት ነው። ባይሜታል የሚባለው ምላጭ ጀርባው እንደ ሞላ የሚተጣጠፍ፣ ጥርሱ ደግሞ ሙቀት የሚችል ሃይስፒድ ብረት ነው፤ ባለ 14ቱም ባለ 24ቱም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ።

ለልጁ በጉርሻ አስረዳሁት። እያንዳንዱ ጥርስ ጎራሽ ነው፤ ከፊቱ ያለው ጎድጓዳ ጉንጩ ነው። ብረቱ ውስጥ ሲገባ ይጎርሳል፤ በሌላው በኩል እስኪወጣ ድረስ ግን መትፋትም መዋጥም አይችልም፤ የጎረሰውን በጉንጩ ይዞ ይሻገራል። 50 ሚሊ ሜትር ዘንግ ረጅም መንገድ ነው። የ24 ቲፒአይ ጥርስ ጉንጩ የሕፃን ጉንጭ ስለሆነ መሻገሪያው ሳይጋመስ ይሞላል። ከዚያ በኋላ መቁረጥ ቀርቶ መፈግፈግ ነው፤ ይሞቃል፣ ይደንዛል። አጉራሹ እጅ ምላጩን ይዞ ወደ ብረቱ የሚወርደው የመጋዙ ክንድ ክብደት ነው። በ24 ቲፒአይ እዚህ ዘንግ መሃል ላይ 47 ያህል ጥርሶች በአንድ ጊዜ ተሰልፈዋል፤ ያው አንድ እጅ ለ47 አፍ ሲካፈል ለማንም አይደርስም። ልጁ ክንዱን በእጁ ተጭኖ ሊያግዘው ሞከረ፤ የሞላ ጉንጭ ላይ ተጨማሪ ጉርሻ መሆኑ ነው። በ8 ቲፒአይ ቢሆን 16 ያህል ጥርሶች ብቻ በገቡ ነበር፤ ጉንጫቸውም ሰፊ ነው።

አሁን ደግሞ «እንግዲያው ጥርሱ ያነሰ ይሻላል» የሚል አይጠፋም። አይደለም! 40 በ40 ቱቦላሬ፣ ግድግዳው 2 ሚሊ ሜትር የሆነውን አስቡት። በ8 ቲፒአይ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት ከ3 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ የግድግዳው ጠርዝ ሁለት ጥርሶች መካከል ይወድቃል፤ ተከታዩ ጥርስ ግድግዳውን በሙሉ ልጉረስ ብሎ ይገጨውና ይረግፋል። አንዱ ሲረግፍ የእሱ ድርሻ ለኋለኛው ይተርፋል፤ እሱም ይረግፋል። በሙያው የተለመደው መመሪያ ብረቱ ውስጥ ሁልጊዜ ቢያንስ 3 ጥርሶች ይኑሩ ነው። ለ2 ሚሊ ሜትር ግን 24 ቲፒአይ እንኳ ሁለት ጥርስ ቢያስገባ ነው። ስለዚህ ቀጭን ነገር የሚድነው በጥርስ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ክንዱን በማቅለልና በአስተሳሰር ነው። አንግል ብረት ከሆነ ሁለቱን እግሮች ወደ ታች አድርጋችሁ እንደ ጎጆ ጣሪያ ሞርሳው (ብረቱን የሚቆነጥጠው) ላይ እሰሩት፤ ምላጩ እግሮቹን በሰያፍ ስለሚያገኛቸው ውፍረታቸው 1.4 እጥፍ ያህል ይሆንለታል። ጫፉ ላይ ስትጀምሩ ግን ክንዱን በእጃችሁ ያዙት።

ለቤት ዎርክሾፕ ትንሽ የብረት ባንድ ሶው የምትገዙ ሰዎች ሻጩን መጀመሪያ የምትጠይቁት የሞተሩን የፈረስ ጉልበት ነው። እኔ ብሆን የምላጩን ርዝመት እጠይቃለሁ። 100 ሚሊ ሜትር ክብ ብረት የሚቆርጡት የተለመዱት አግዳሚ ማሽኖች 1638 ሚሊ ሜትር ምላጭ ይወስዳሉ፤ በዚህ ልክ ከ6/10 እስከ 24 ቲፒአይ ይሠራል። ያልተለመደ ርዝመት ያለው ማሽን ከገዛችሁ አብሮት ከመጣው አንድ ምላጭ ጋር ተጋብታችኋል። እንደ 6/10 በሁለት ቁጥር የተጻፈ ካያችሁ ጥርሶቹ እየጠበቡ እየሰፉ የሚሄዱ ናቸው ማለት ነው፤ ንዝረት ይቀንሳል፤ 10/14 የሚለው ከቱቦላሬም ከመካከለኛ ድፍን ብረትም ጋር ይስማማል። አንድ ምላጭ ብቻ ግዛ ብባል እሱን ነው የምገዛው። ክንዱን የሚያወርደው ሃይድሮሊክ (በዘይት የሚሠራ) ከሆነ ጥቂት ጨምሮ መክፈል አያስቆጭም፤ ሞላ ብቻ ከሆነ ለእያንዳንዱ ብረት ማስተካከል የእናንተ ሥራ ነው።

ያልተጠየቅሁትን ልጨምር፦ የአሜሪካ መመሪያ ላይ የተጻፈው የምላጭ ፍጥነት በ60 ኸርዝ የተለካ ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ተራው ኢንዳክሽን ሞተር በአንድ ስድስተኛ ገደማ ይዘገያል። ለብረት ይህ ጉዳት አይደለም። በእንጨት ባንድ ሶው ላይ የብረት ምላጭ አስሮ ብረት ልቁረጥ የሚለው ግን ፍጥነቱ ከሚገባው አሥር እጥፍ በላይ ነውና ምላጩን በደቂቃዎች ያቃጥላል።

ለልጁ 6/10 ምላጭ ነበረኝና አሰርንለት። ተቸኩሎ ድሮ በጀመረው ስንጥቅ ውስጥ ሊከተው ሲል እጁን ያዝኩት። የደነዘው ምላጭ የቆረጠው ስንጥቅ ጠባብ ስለሆነ አዲሱን ጨምቆ ያበላሸዋል። ዘንጉን ገልብጠን ከሌላው ጎን ጀመርን፤ ክንዱንም ለአዲስ ምላጭ እንደሚገባው አቀለልነው። ፍቅፋቂው ተጠቅልሎ እየነጣ መውረድ ጀመረ። ሁለቱ ቁርጦች በተገናኙበት ቦታ አንድ ሚሊ ሜትር የምታህል ደረጃ ቀርታለች፤ ለእሷ ሞረድ ሰጠሁት።