ዲሹን ከመነካካታችሁ በፊት አዳፕተሩን እዩት

ደሴ ውስጥ ሪሲቨር የሚጠግን ሰው ጠዋት ማታ የሚሰማው አንድ ነገር አለ፦ «አምፔሩ የበዛ አዳፕተር ሪሲቨሩን ያቃጥለዋል፤ አነስ ያለውን ስጠኝ።» ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ገዢውም ሻጩም እንደ ሕግ ይዞታል። ፍጹም ስህተት ነው። በዚህ ስህተት የተነሳ ምንም ያልሆኑ ዲሾች ሲዞሩ፣ ድሃ ሰው ያለ አግባብ ሲከፍል ማየት ሰልችቶኛል።

ቮልቱን፣ ማለትም የኤሌክትሪኩን ግፊት፣ የሚወስነው አዳፕተሩ ነው። ሪሲቨሩ የመጣለትን ይቀበላል እንጂ እምቢ ማለት አይችልም። ስለዚህ ከጀርባው 12 ቮልት ተብሎ ከተጻፈበት 12 ብቻ ነው፤ የላፕቶፕ 19 ቮልት ከሰካችሁበት ይቃጠላል። አምፔሩን፣ ማለትም የሚፈሰውን መጠን፣ የሚወስነው ግን ሪሲቨሩ ራሱ ነው። አዳፕተሩ ላይ የሰፈረው 2 አምፔር የአቅሙን ጣሪያ ይነግራችኋል፤ በግድ የሚገፋውን መጠን አይደለም። ማስረጃ የሚፈልግ የቤቱን ሶኬት ይመልከት። 10 አምፔርና ከዚያ በላይ መስጠት የሚችል ሶኬት ላይ አንድ አምፔር እንኳን የማይወስድ የስልክ ቻርጀር ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ ያድራል። አምፔር በዝቶበት የተቃጠለ ቻርጀር አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ችግር የሚፈጥረውስ ትንሹ ነው። ሪሲቨሩ የሚመግበው ራሱን ብቻ አይደለም፤ ዲሹ ላይ ያለው የሳተላይቱን ሞገድ ተቀባይ፣ ኤልኤንቢውም፣ የሚበላው በዚያው ኬብል ከሪሲቨሩ ነው። ሞገዳቸው ቁም ለሆነው፣ ቪ ለሚባሉት ቻናሎች 13 ቮልት፣ አግድም ለሆነው፣ ኤች ለሚባሉት 18 ቮልት ይላክለታል። 12 ቮልት የገባለት ሪሲቨር 18 ለማውጣት ከአዳፕተሩ ተጨማሪ አምፔር ይስባል። ፍላሽ ከተሰካበት ደግሞ ሌላ ጭነት ነው። አቅም ያጣ አዳፕተር እዚህ ላይ ይወድቃል፦ የቪ ቻናሎች እየሠሩ የኤች ቻናሎች ይጠፋሉ፤ ወይም ሪሲቨሩ አርማውን እያሳየ ጠፍቶ ይነሳል። ያን ጊዜ ባለቤቱ «ነፋስ ዲሹን አዞረው» ብሎ ሰው ጣሪያ ላይ ያወጣል።

ባለፈው ክረምት ኮምቦልቻ አንዲት እናት ዘንድ ተጠርቼ ነበር። ቀደም ብለው ሁለት ሠራተኞች ዲሹን አዙረው አስከፍለዋቸዋል። «ልጄ፣ አሁን ደግሞ ዲሹ ይቀየር ብለውኛል» አሉኝ። «እማማ፣ መጀመሪያ አዳፕተሩን ያሳዩኝ» አልኳቸው። 12 ቮልት፣ 0.5 አምፔር ይላል። ከሪሲቨሩ ጋር የመጣው ሲበላሽ «ይሄ አያቃጥልብዎትም» ተብለው የገዙት ነው። ባለ 2 አምፔር ስሰካለት ሪሲቨሩ መጥፋቱን አቆመ። ሆኖም ቻናል አልመጣም፤ ዲሹ በሰው እጅ ከ57 ዲግሪ ምሥራቁ ሳተላይት ወጥቷልና እሱን መመለስ ሌላ ሥራ ሆነ።

ማንም ሰው ቤቱ ሊሞክረው የሚችል ፈተና አለ። ሪሲቨሩን ከሶኬት ንቀሉ፣ የዲሹን ኬብል ፍቱ፣ መልሳችሁ አብሩት። ያለ ኬብል ረግቶ ከሠራና ኬብሉ ሲታሰር ከጠፋ፣ ወይ አዳፕተሩ ደክሟል ወይ ኬብሉ ወይም ኤልኤንቢው ሾርት አድርጓል። አቅሙ የሚበቃ አዳፕተር ተውሳችሁ ሞክሩ። አሁንም ካልረጋ የኬብሉን ጫፍ ፍቱና ከውጭኛው የሽቦ መረብ አንዲት ክር መሐለኛውን ሽቦ ነክታ እንደሆነ እዩ። ኬብሉን ስትፈቱና ስታስሩ በሪሞት ማጥፋት አይበቃም፤ ሪሲቨሩ ከሶኬት ይነቀል።

«በቴስተር ለካሁት፣ 12 ያሳያል፤ ስለዚህ ደህና ነው» የሚሉም አሉ። ጭነት በሌለበት ውስጡ ያለው ኤሌክትሪክ አጠራቃሚ፣ ካፓሲተሩ፣ የደረቀበት አዳፕተርም 12 ያሳያል። ሪሲቨሩ በርቶ፣ የኤች ቻናል ተከፍቶ ለኩት።

«ጫፉ ከገባ ይሠራል» ለሚሉ፦ 2.1 እና 2.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያላቸው ጫፎች በዓይን አይለዩም፤ ፖዘቲቩ መሐል መሆን አለመሆኑንም ምልክቱን አይታችሁ ከሪሲቨሩ ጋር አስተያዩ።

አዳፕተር ለብ ማለቱ ብልሽት አይደለም፤ እጅ የማያስይዝ ከሆነ ግን ንቀሉት።

«ስታቢላይዘር ስላለኝ መብረቅ አያሰጋኝም» የሚለው ያናድደኛል። ከጦሳ ተራራ ሥር ሐምሌና ነሐሴን የኖረ ሰው ይህን ማለት የለበትም። መብረቁ በዲሹ ኬብልም ይገባል፤ ስታቢላይዘሩ ደግሞ እዚያ መንገድ ላይ የለም። ሰማዩ ሳያጉረመርም በፊት ሶኬቱንም ኬብሉንም ንቀሉ።

ከኩታበርና ከአልቡኮ ለሚመጡ ደንበኞቼ ደግሞ ሶላሩን ላንሳ። «ፓኔሉ 12 ቮልት ነው፣ በቀጥታ ይሰካል» ይባላል። ባለ 12 የሚባለው ፓኔል ጭነት ሳይኖረው በጠራ ፀሐይ ከ20 ቮልት በላይ ይሰጣል። ባትሪውም በሚሞላበት ሰዓት ከ14 ያልፋል። በመካከል ቻርጅ መቆጣጠሪያ፣ ከዚያም ቮልቱን 12 ላይ የሚያረጋ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ገበያ ስትወጡ አሮጌውን አዳፕተር ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ እሱ ራሱ የተሳሳተ ምትክ ሊሆን ይችላል። የሪሲቨሩን ጀርባ በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ይዛችሁ ሂዱ። ቮልቱ በትክክል እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም በላይ ይሁን። 12 ቮልት፣ 1 አምፔር ለሚለው ባለ 1.5 ወይም ባለ 2 ግዙ። ሻጩ «ይበዛበታል» ቢላችሁም አትለውጡት።