ፎቶ በቤት ፕሪንተር በልኩ ማተም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰፈር ውስጥ ፕሪንተር ያለው ሰው ሳያስበው የሰፈሩ ፎቶ ቤት ይሆናል። ደሴ ያለው ቤቴም እንደዚያው ነው። የጎረቤት ልጅ ፍላሽ ይዞ ይመጣል፣ ዘመድ በቴሌግራም ይልካል። አምና ክረምት አንድ የጎረቤቴ ልጅ ለምዝገባ 3 በ 4 ጉርድ ፎቶ ፈልጎ መጣ። አተምኩለት፣ ቆርጦ ወሰደ። «ልኩ አይደለም» ብለው መለሱት። ማስመሪያ አምጥተን ስንለካው ቁመቱ 4 ሴንቲሜትር ሳይሆን 3.8 ገደማ ነው። ልጁ በዚያ ዝናብ ሁለቴ መመላለሱ እስካሁን ይቆጨኛል። ስለ ፎቶ ልክ በደንብ ማጣራት የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ብዙዎቻችን የምንሳሳትባቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው።

«3 በ 4 አድርጌ ካዘጋጀሁት 3 በ 4 ሆኖ ይወጣል»

የልጁ ፎቶ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ፕሪንተር ገጹ ወረቀቱ ላይ እንዲበቃ ብሎ ሳይነግረን ያሳንሳል ወይም ያሳድጋል። ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ ወይም ፕሪንተሩ ሲገዛ የወረቀት መጠኑ ሌተር በሚባለው ላይ ተደርጎ ነው የሚመጣው። ሌተር የአሜሪካኖች ወረቀት ነው፤ 216 በ 279 ሚሊሜትር። እኛ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የምንገዛው ግን ኤ4 ነው፤ 210 በ 297 ሚሊሜትር። ስለዚህ በኤ4 የተዘጋጀውን ገጽ ሌተር ውስጥ ለማስገባት ወደ 94 በመቶ ዝቅ ያደርገዋል። 3 በ 4 የነበረው 2.8 በ 3.8 ገደማ ይሆናል። በዓይን አይታወቅም። በማስመሪያ ግን ይታወቃል።

መፍትሔው ሁለት ነገር ማየት ነው። አንደኛ፣ የወረቀቱ መጠን ፎቶውን ባዘጋጃችሁበት ፕሮግራምም በፕሪንተሩ ሴቲንግም ኤ4 መሆኑን አረጋግጡ። አንዱን ብቻ ማስተካከል አይበቃም። ሁለተኛ፣ ስኬል ከሚለው ቦታ «ፊት ቱ ፔጅ»ን ትታችሁ «አክቹዋል ሳይዝ» ወይም 100 በመቶ የሚለውን ምረጡ። እኔ አሁን ገጹ ዳር ላይ 10 ሴንቲሜትር የሆነ መስመር አሰምርና መጀመሪያ በተራ ወረቀት አትማለሁ። ለክቼው 10 ከሞላ ብቻ ነው ውዱን የፎቶ ወረቀት የማስገባው።

ደግሞ ጉርድ ፎቶ ሁሉ 3 በ 4 አይደለም። ለሸንገን ቪዛ 35 በ 45 ሚሊሜትር ነው። ለአሜሪካ ቪዛ 51 በ 51 ነው። የዲቪ ፎቶ በኢንተርኔት ስለሚላክ ሴንቲሜትር የለውም፤ የሚጠየቀው ቢያንስ 600 በ 600 ፒክስል ነው። ከማተማችሁ በፊት ፎቶው ለምን እንደተፈለገ ጠይቁ።

«ፎቶው ራሱ ሴንቲሜትር አለው»

የለውም። ፋይሉ ውስጥ ያለው ፒክስል ብቻ ነው፤ ጥቃቅን የቀለም ነጥቦች። በ12 ሜጋፒክስል ካሜራ የተነሳ ፎቶ ብዙውን ጊዜ 4000 በ 3000 ፒክስል ነው። በአንድ ኢንች፣ ማለትም በ2.54 ሴንቲሜትር፣ 300 ፒክስል ካሰፈርንለት ረጅሙ ጎን 34 ሴንቲሜትር ያህል ይሆናል። 600 ካሰፈርን ግን 17 ሴንቲሜትር ነው። የእንጀራ ሊጥን አስቡት። አንዱን ጭልፋ ሰፊ ምጣድ ላይ ብታሰፉት ይሳሳል፣ ጠበብ ብታደርጉት ይወፍራል። ሊጡ ግን ያው ነው።

በእጅ ተይዞ ለሚታይ ፎቶ በኢንች 300 ጥሩ ልክ ነው። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ራቅ ብሎ ለሚታይ ትልቅ ፎቶ 150ም ያምራል።

«72 ዲፒአይ ስለሚል አይታተምም፤ ወደ 300 ልቀይረው»

ዲፒአይ ማለት በአንድ ኢንች የሚሰፍረው ነጥብ ብዛት ነው። ይህ ቁጥር ፋይሉ ላይ የተጻፈ ማስታወሻ ነው እንጂ የፎቶው ጥራት አይደለም። ፒክስሉ 4000 በ 3000 እስከሆነ ድረስ 72 ቢልም 300 ቢልም ፎቶው አንድ ነው። አንዳንድ ፕሮግራም ቁጥሩን ስትቀይሩ ፒክስሉንም አብሮ ይጨምራል። የጨመረው ግን ገምቶ ነው፤ ካሜራው ያላየውን ዝርዝር አያመጣም። ሊጡን በውሃ እንደማብዛት ነው። ፕሪንተሩ ካርቶን ላይ 4800 ወይም 5760 የሚለውም ሌላ ነገር ነው። የሚረጨውን የቀለም ጠብታ ነው የሚቆጥረው፤ ለፎቷችሁ ልክ አትጠቀሙበት።

«ጭንቅላቱን የቆረጠው ፕሪንተሩ ነው»

ሐይቅ ዳር በስልክ የተነሱ ሙሽሮችን በ10 በ 15 ሴንቲሜትር ወረቀት አተምኩ። ከኋላ የቆሙት ሚዜዎች ግንባራቸው የለም። ፕሪንተሩ ምንም ጥፋት አልነበረበትም። የአብዛኛው ስልክ ፎቶ 4 ለ 3 ነው፣ 10 በ 15 ወረቀት ግን 3 ለ 2። ፎቶው ወረቀቱን እንዲሞላ ከተባለ ከአጭሩ ጎን ከዘጠኝ እጅ አንዱ እጅ ይሄዳል። ምርጫው ሁለት ነው፦ ወይ ዳር ላይ ነጭ ክፍተት መተው፣ ወይ የሚሄደውን ራሳችሁ መርጣችሁ መከርከም። ዊንዶውስ ላይ ፎቶውን በቀኝ ክሊክ ፕሪንት ስትሉት በሚመጣው መስኮት ግርጌ «ፊት ፒክቸር ቱ ፍሬም» የሚል ሳጥን አለ። ምልክቱን ካነሳችሁለት ፎቶው ሙሉውን ይወጣል። ለወደፊቱ ደግሞ የቡድን ፎቶ ስታነሱ ከላይና ከታች ሰፋ ያለ ቦታ ተዉ።

ቦርደርለስ የሚባለው ዳር አልባ ኅትመትም ይቆርጣል። ነጭ ጠርዝ እንዳይቀር ፎቶውን ትንሽ አሳድጎ ከወረቀቱ ዳር ያሳልፈዋል። ለጉርድ ፎቶ በፍጹም አትምረጡት።

«የፎቶ ወረቀት ለሁሉም ፕሪንተር ይሆናል»

አይሆንም። ሌዘር ፕሪንተር ቀለሙን የሚያጣብቀው በሙቀት ነው። ቀለም ለሚረጭ ፕሪንተር የተሠራው አብረቅራቂ ወረቀት ውስጡ ቀልጦ ሊጣበቅና ዕቃውን ሊያበላሽ ይችላል። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

«ስልኬ ላይ ጥርት ካለ በትልቁም ይጠራል»

የአክስቴ ልጅ ጅዳ ነው የምትሠራው። አምና ለአረፋ መጥታ ወረኢሉ ላይ እናቷን አንስታ ነበር። ፎቶውን በቴሌግራም ልካ «በኤ4 አትመህ ሳሎን ስቀልልኝ» አለችኝ። ስልኬ ላይ ያምራል። ወረቀት ላይ ግን ፊቷ ጉም የለበሰ መሰለ። ቴሌግራም በፎቶ መልክ የተላከውን ይጨምቀዋል፤ ብዙ ጊዜ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክስል ያወርደዋል። ያ በኤ4 ቁመት ላይ ሲዘረጋ በኢንች 109 ብቻ ነው የሚደርሰው። ለስልክ ይበቃል፣ ለኤ4 ግን ይሳሳል። ዋትስአፕም ይጨምቃል።

«እንደ ፋይል አድርገሽ ላኪልኝ» አልኳት። መላኪያው ላይ ፎቶ ከሚለው ይልቅ ፋይል የሚለውን መርጣ ላከችው። ሙሉው 4000 በ 3000 መጣ። ከግራና ከቀኝ ጥቂት ከርክሜ ለኤ4 አስተካከልኩት፣ በ100 በመቶ አተምኩት። የአክስቴ ሻሽ ጠርዝ ላይ ያለው ጥልፍ አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር።