ሚኒየቸር ፈረስ፦ ለአዲስ ባለቤት የሚያስፈልጉ ዕቃዎችና የየዕለቱ እንክብካቤ

ሚኒየቸር ፈረስ በአሜሪካ በስፋት የሚረባ፣ በቁመቱ ማነስ የሚታወቅ የፈረስ ዝርያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የተቋቋመው የአሜሪካ ሚኒየቸር ፈረስ ማኅበር በመዝገቡ የሚያሰፍረው ቁመቱ ከ34 ኢንች፣ ማለትም ከ86 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያልበለጠውን ሲሆን፣ ልኬቱም የሚወሰደው እንደ ሌላው ፈረስ ከጫንቃው ጫፍ ሳይሆን የጋማው የመጨረሻ ፀጉር ከበቀለበት ቦታ ነው። ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ70 እስከ 150 ኪሎ ግራም ይደርሳል፤ ዕድሜው ደግሞ ከ25 ዓመት ሊያልፍ ስለሚችል፣ ፈረሱን የሚገዛ ሰው ለሩብ ምዕተ ዓመት ኃላፊነት ይገባል። ይህ እንስሳ ቢያንስም ፈረስ ነው፤ ሆዱም፣ ሰኮናውም፣ ድንጋጤውም የፈረስ ነው። በጀማሪዎች እጅ የሚደርስበት ጉዳት በአብዛኛው የሚመጣው እንደ ውሻ የቤት እንስሳ ተደርጎ ከመያዙ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው አደጋ ከፍቅር የሚመጣው ጥጋብ ነው። ፈረስ በሚከበርበት አገር ላደገ ሰው ገብስ መስፈር የመውደድ ምልክት ቢሆንም፣ ሚኒየቸር ፈረስ በጥቂት መኖ የሚያድርና በቀላሉ የሚሰባ በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ እህል አያስፈልገውም። ዋናው ምግቡ ጥሩ የሣር ድርቆሽ ነው፤ በቀን የሚሰጠውም ከክብደቱ ከ1.5 እስከ 2 በመቶ ያህል ነው። 100 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ እንግዲህ በቀን ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ድርቆሽ ይበቃዋል ማለት ነው፤ በዓይን ሲገመት ግን ሁልጊዜ ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ አዲስ ባለቤት ከጌጠኛ ማሰሪያ በፊት ሊገዛው የሚገባው የተንጠልጣይ ሚዛን ነው። ድርቆሹ ቀዳዳው ጠባብ በሆነ መረብ ውስጥ ሲደረግ ፈረሱ ቀስ ብሎ ስለሚበላ ሆዱ ለረጅም ሰዓት ባዶ አይሆንም። በጸደይ ወራት ለምለም ሣር ላይ የሚለቀቅ ከሆነ ግጦሹን የሚቀንስ የአፍ መሸፈኛ ይደረግለታል። የጨው አሞሌና ዘወትር የሚታደስ ንጹሕ ውኃም ከአጠገቡ አይጠፋም።

ውፍረትን በዓይን ብቻ መለየት አይቻልም። የክረምት ፀጉሩ እንደ በግ ጠጉር ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ከሥሩ የከሳውንም የሰባውንም እኩል ይሸፍናል። ጣትን ዘርግቶ ፀጉሩን ጠልቆ ጎኑን መዳሰስ ያስፈልጋል፤ የጎድን አጥንቶቹ ለዓይን ባይታዩም በቀላሉ ለጣት ሊሰሙ ይገባል። የማጅራቱ ጫፍ ደንድኖ ወደ ጎን መዘንበል ከጀመረ መኖው በዝቷል። የሚከተለው የሰኮና ውስጥ ብግነት፣ በሐኪሞች አጠራር ላሚናይተስ፣ ፈረሱን ለዘለቄታው ሊያሽመደምደው ይችላል፦ የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ክብደቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ አንድ እርምጃ ለመራመድ ሲያመነታ የታየ ፈረስ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ሊያየው ይገባል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ስህተት ግን እኩል አደገኛ ነው። የወፈረን ሚኒየቸር ፈረስ በድንገት ማስራብ፣ ወይም ታሞ አንድ ቀን ሙሉ ምግብ ሲተው ዝም ብሎ ማየት፣ ሰውነቱ ያከማቸውን ስብ በብዛት ወደ ደም እንዲለቅና ጉበቱ እንዲጎዳ ያደርጋል። ሃይፐርሊፒሚያ የሚባለው ይህ ሕመም ትልልቆቹን ፈረሶች እምብዛም አያጠቃም፤ ትንንሾቹን ግን በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። መኖ የሚቀነሰው ስለዚህ በጥቂት በጥቂቱ ነው።

ሰኮናው በየቀኑ በመፋቂያ ይጸዳል፤ በየ6 እስከ 8 ሳምንቱም በባለሙያ ይከረከማል። ጥርሱ ከመንጋጋው ጋር እኩል ስላላነሰ ይጨናነቃል፤ ያልተላመጠ የድርቆሽ ድብልብል ከአፉ እየወደቀ ግርግሙ ሥር ከተገኘ ጥርሱ መታየት አለበት፤ ባይወድቅም በዓመት አንድ ጊዜ ማስመርመር ተገቢ ነው። በአሜሪካ ለማንኛውም ፈረስ የሚመከሩት መሠረታዊ ክትባቶች፣ ከእነሱም መካከል የቴታነስና የእብድ ውሻ በሽታ፣ ለእሱም ይሰጣሉ። የሆድ ትል መድኃኒት ልዩ ጥንቃቄ ይሻል፤ በገበያ ያለው አንድ ቱቦ ብዙ ጊዜ የተመጠነው ለትልቅ ፈረስ በመሆኑ፣ ክብደቱን ሳያውቁ መስጠት መርዝ እስከ መሆን ሊያደርስ ይችላል።

ጋጣው ከዝናብና ከነፋስ የሚከልል፣ ሦስት ግድግዳ ያለው መጠለያ ቢሆን ይበቃል። ገንዘቡ ለአጥሩ ቢውል ይሻላል፤ ፈረሱ በትልልቅ ክፍተት ሾልኮ ይወጣል፣ የጎረቤት ውሻም በዚያው ይገባል፤ የውሻ ጥቃት ለዚህ ዝርያ እውነተኛ ሥጋት ነው። ዓይኑ ጠባብ የሆነ የሽቦ መረብ ተመራጭ ነው፤ እሾሃማ ሽቦ ፈጽሞ አይደረግም። ብቻውን የሚያድር ፈረስ ይጨነቃልና ሌላ ሚኒየቸር ፈረስ ወይም አህያ አብሮት ቢኖር መልካም ነው። ከትልቅ ፈረስ ጋር ማዋል ግን አንድ ርግጫ ስለሚበቃው ክትትል ይፈልጋል።

አፍ ውስጥ ብረት የማይገባበት የራስ ማሰሪያ በልኩ ይገዛለታል፤ ለውርንጭላ የተሠራው ብዙ ጊዜ አይስማማውም። ብሩሽና ቴርሞ ሜትርም ከዕቃዎቹ መካከል ናቸው። ጤነኛ ፈረስ የሙቀት መጠኑ ከ37.2 እስከ 38.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ፈረሱ እየተንከባለለ ጎኑን ዞሮ ዞሮ ሲያይ፣ ይህም የሆድ ቁርጠት ምልክት ነው፣ ባለቤቱ ለሐኪሙ ሲደውል ሙቀቱን፣ የልብ ምቱንና መጨረሻ ፋንድያ የጣለበትን ሰዓት መንገር ከቻለ ሕክምናው በፍጥነት ይጀመራል።