ጣሃ ሁሴን፦ የግብፅ ደራሲና የትምህርት ሚኒስትር

ጣሃ ሁሴን በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ልብ ወለድን፣ ሒስንና የመንግሥት ሥራን አጣምሮ የያዘ፣ አንባቢዎቹም «የአረብኛ ሥነ ጽሑፍ አለቃ» የሚል መጠሪያ የሰጡት ግብፃዊ ነው። የተወለደው በ1889 (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በላይኛው ግብፅ፣ ማጋጋ ከተማ አጠገብ ባለች መንደር ነው። አባቱ የስኳር ኩባንያ ዝቅተኛ ተቀጣሪ ነበሩ፤ ከ13 ልጆቻቸውም እሱ ሰባተኛው ነበር። በሕፃንነቱ ዓይኑን ሲታመም ፀጉር ቆራጭ አከመውና ብርሃኑን አጣ።

ይህን ልጅነት «አል-አያም» («ቀኖቹ») በተባለው ግለ ታሪኩ ሲተርክ «እኔ» አይልም፤ «ልጁ» ወይም «ወዳጃችን» ይላል። አንድ ማታ ከቤተሰቡ ጋር ሲበላ፣ በአንድ እጁ መጉረሱን ትቶ በሁለት እጁ ቢጎርስ ምን እንደሚሆን ለማየት ሞከረ። ወንድሞቹ በሳቅ ፈነዱ፣ እናቱ አለቀሱ፣ አባቱ ግን ዝግ ባለ፣ ባዘነ ድምፅ «ጉርሻ እንዲህ አይያዝም፣ ልጄ» አሉት። ከዚያ ወዲያ ሾርባንና በማንኪያ የሚበላን ሁሉ በራሱ ላይ እርም አደረገ። ዓመታት አልፈው ከአገልጋዩ ሳይቀር ተሸሽጎ ይበላ የነበረውን ዓይነ ስውር የሶርያ ባለቅኔ አቡል አላእ አል-መዓሪን ሲያነብ፣ ነገሩ የገባው በዚያች ማታ ምክንያት መሆኑን ራሱ ጽፏል። በ1914 በአዲሱ የግብፅ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የዶክትሬት ማዕረግ ያገኘውም በዚሁ ባለቅኔ ላይ ባቀረበው ጥናት ነው።

ከዚያ በፊት መንደሩ ቁርአን ቤት ገብቶ ቁርአንን በቃሉ አጥንቷል፤ በ1902 ወደ ካይሮ ሄዶ አል-አዝሃር ቢገባም፣ የሸይኾቹ የማስተማር ዘዴ አሰልቺ ሆኖበት ሳይመረቅ ወጣ። ቀጥሎ በፈረንሳይ በሞንፔሊየና በሶርቦን ተማረ፤ በጥንቱ የአረብ ታሪክ ጸሐፊ በኢብን ኻልዱን ላይም ሁለተኛ ዶክትሬት ሠራ። እዚያ መጽሐፍ ታነብለት የነበረችውን ሱዛንን በ1917 አገባ።

ስሙን ከየቤቱ ያስገባው ግን የ1926ቱ ሙግት ነው። ከእስልምና በፊት ተገጥመዋል ከሚባሉት ግጥሞች አብዛኞቹ ኋላ የተፈጠሩ ናቸው ብሎ በጻፈው መጽሐፍ የተነሳ በሃይማኖት ተቃዋሚነት ተከሰሰ፤ ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡን በ1927 ቢዘጋውም መጽሐፉ ከገበያ ተሰብስቦ ታርሞ ወጣ። መደምደሚያው ዛሬ ለብዙ ሊቃውንት የተጋነነ ነው፤ የወረስነውን ጽሑፍ በጥርጣሬ መመርመር ይገባናል ማለቱ ግን በቦታው ቆሟል። በ1932 መንግሥት ከግብፅ ዩኒቨርሲቲ የኮሌጅ ዲንነቱ (ኃላፊነቱ) ሲያነሳው የዩኒቨርሲቲው ኃላፊ አሕመድ ሉጥፊ አል-ሰይድ በተቃውሞ ሥራቸውን ለቀቁ።

ከልብ ወለዶቹ መካከል በ1934 የወጣው «ዱአእ አል-ከረዋን» («የከረዋን ጥሪ») ይበልጥ ይታወቃል። አንድ ኢንጂነር ያሳታትን እህቷን አጎቷ «ለክብር» ሲል ሲገድልባት ያየች አምና የተባለች ልጅ፣ ለበቀል በዚያው ኢንጂነር ቤት አገልጋይ ሆና ትገባለች። በሌሊት የምትጮኸው ወፍ፣ ከረዋን፣ በታሪኩ ሁሉ ትሰማለች፤ ነገርን በመልክ ሳይሆን በድምፅ የሚያውቅ ደራሲ እንደጻፈው የሚያሳብቀውም ይህ ነው። ጽሑፉን ሁሉ ለጸሐፊ በቃል ስለሚያስጽፍ ዓረፍተ ነገሩ ይደጋግማል፣ ይመለሳል፤ ጮክ ብሎ ለሚያነበው ይጥማል፣ በዓይን ለሚሮጥበት ግን ይረዝማል። በ1959 ሄንሪ በረካት ልብ ወለዱን ፊልም አድርጎታል፤ አምናን ሆና የተጫወተችው ፋተን ሐማማ ነበረች።

በ1950 በዋፍድ ፓርቲ መንግሥት የትምህርት ሚኒስትር ሲሆን የሁለተኛ ደረጃን የትምህርት ክፍያ አነሳ። ትምህርት እንደ ውሃና እንደ አየር ነው የሚለው አባባሉ ከዚህ ጋር ይነሳል። ጥራት ከብዛት ይቅደም ያሉ የትምህርት ባለሙያዎች አጥብቀው ተቃውመውት ነበር፤ ሥልጣኑም በጥር 1952 ከመንግሥቱ ጋር አበቃ። ከ1963 ጀምሮ የአረብኛ ቋንቋ አካዳሚን መርቶ በጥቅምት 28 ቀን 1973 አረፈ። በጊዛ የሚገኘው «ራማታን» የተባለው መኖሪያ ቤቱ አሁን ሙዚየም ነው።