«የሚዲያ ሰው ይለምደዋል»፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በድሬዳዋና በሐረር ጣቢያዎች አንድ ዜና በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ ወይም በሐረሪ ቋንቋ ይሠራል። ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አልፎም ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ይወጣል። ይህን ሁሉ የሚያደርሱት ግን አብዛኛውን ጊዜ እነዚያው ሰዎች ናቸው። «ይለምዱታል» እየተባለ ስለ አእምሮ ጤናቸው የሚነገረው ብዙ ነገር እውነት አይደለም።

«የሚጎዳው ቦታው ላይ የነበረው ነው፤ ኤዲተሩ ምን ሆነ?»

ከሁሉም የከፋው ይህ አስተሳሰብ ይመስለኛል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲገድል፣ ጣቢያዎች እጅ የሚገባው ምስል ጥቂት ካሜራዎች የቀረጹት ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለ አደጋ ቢደርስ፣ ገና ሳይነጋ ከነጩኸቱ የተቀረጸ የስልክ ቪዲዮ ዴስኩ ላይ ይጎርፋል። ተመልካች የሚያየው ተመርጦ የቀረበለትን ነው። ኤዲተሩ ግን የሚቆረጠውን ለመለየት ሁሉንም፣ ያውም እየመላለሰ ያያል።

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው የምርመራ መመሪያ፣ አሰቃቂ ነገርን በስክሪን ማየት ከአደጋ በኋላ ለሚመጣው የአእምሮ ሕመም መነሻ ሆኖ አይቆጠርም ይላል። ወዲያው ደግሞ አንድ ነገር ለይቶ ያስቀምጣል፤ ሰውየው ያየው በሥራው ምክንያት ከሆነ ይቆጠራል። ስለዚህ የኤዲተሩ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው እንቅልፍ ቢያጣ «አንተ ደግሞ ምን አየህና!» አይባልም።

ጉዳቱን የሚቀንሱ ቀላል ነገሮች አሉ። ለሥራው ካላስፈለገ ድምፁን ማጥፋት፣ ምስሉን አሳንሶ ማየት፣ ፋይሉ ላይ «አስከሬን አለበት» ብሎ ጽፎ ማስተላለፍ፣ እንዲህ ያለውን ሥራ በአንድ ሰው ላይ አለመከመር። የመጨረሻው የአለቃ ሥራ ነው፤ እባካችሁ ለኤዲተሩ አትተዉት።

«ሁሉንም ሰብስበን አንዴ ካስወራናቸው ይወጣላቸዋል»

የዓለም ጤና ድርጅት አደጋ ያዩ ሰዎችን ሰብስቦ የሆነውን በዝርዝር የሚያስተርክ የአንድ ጊዜ ውይይትን አይመክርም። የሚመክረው ሳያስገድዱ ማዳመጥን፣ የሚያስፈልጋቸውን መጠየቅንና ከሚረዳቸው ሰው ጋር ማገናኘትን ነው።

«ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ አቃለለ፤ ታዲያ ምን ያስጨንቃል?»

የጉግል መተርጎሚያ ሶማሊኛን እ.ኤ.አ. በ2013፣ አማርኛን በ2016፣ አፋን ኦሮሞን በ2022 ጨምሯል። በሦስቱም ቋንቋ በሚሠራባት ድሬዳዋ ይህ የአንድን ባለሙያ ውሎ ይለውጣል። ረቂቁ በሰከንድ ይመጣል፤ የተዛባውን ስም፣ ማዕረግና የሰፈር መጠሪያ የሚያርመው፣ ስሕተት አየር ላይ ሲውልም የሚጠየቀው ግን ሰው ነው። ረቂቁ ስለፈጠነ ደግሞ የሚጠበቅበት ዜና ይበዛል። ዕድሜውን ሙሉ ቋንቋ ሲያሳምር የኖረ ሰው የማሽን አራሚ ሆንኩ ብሎ ቢያዝን፣ ቴክኖሎጂ ጠልቶ አይደለም፤ የሚወደውን ሥራ እያጣ ነው። ሥልጠና ይሰጠው፤ የማረሚያው ሰዓትም ከፈረቃው ይቆጠርለት።

ጭንቀቱ የአንጋፋዎቹ ብቻ ነው የሚሉም ተሳስተዋል። ስልክ ይዞ ያደገው ወጣት «አንተ ትችላለህ» እየተባለ ይቀርጻል፣ ያቀናብራል፣ ይለጥፋል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ለኮሜንት ይመልሳል። ሴት አቅራቢ ከሆነች ስለ መልኳና ስለ አለባበሷ የሚጻፈው ስድብ ይጨመርበታል። «አታንብቢው» ማለት አይበቃም፤ ገጹን የሚያጸዳ ሌላ ሰው ይመደብ።

«ዓመት ፈቃድ ይውጣና ይለቀዋል»

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ መዛልን የገለጸው በአግባቡ ካልተያዘ፣ ሥር ከሰደደ የሥራ ጫና የሚመጣ ብሎ ነው። ምልክቶቹ አቅም ማጣት፣ ከሥራው በልብ መራቅና «ምንም አልፈየድኩም» የሚል ስሜት ናቸው። ሲመለስ የሚጠብቀው ያው ሌት ተቀን ሥራ የሚታዘዝበት የቴሌግራም ግሩፕ ከሆነ እረፍቱ ብዙ አይቆይም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይገድባል፤ በሳምንት ያልተቋረጠ 24 ሰዓት እረፍትም ያዛል። የመንግሥት ሠራተኛ በራሱ ሕግ ቢተዳደርም፣ ከአልጋ ላይ በስልክ የሚታረም ዜና ለእርሱም ሥራ ነው።

«በርጫ ጭንቀት ያስለቅቃል»

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚንን የሚመስል አነቃቂ ነው። የማታውን ኤዲቲንግ ያስጨርስ ይሆናል፤ ምርቃናው ሲያልፍ ግን ድብርት፣ ብስጭትና እንቅልፍ ማጣት ይከተላሉ። ያንን ለማብረድ ጨብሲ፣ ማለትም መጠጥ፣ ይመጣል፤ በማግስቱ ደግሞ ፈረቃ አለ። ባህሉን መንቀፌ አይደለም። በርጫ ላይ ሰው ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ የልቡን ያወራል፤ የሚያቀለውም ያ ጨዋታ ይመስለኛል፣ ቅጠሉ አይደለም።

«አማኑኤል የሚሄደው ያበደ ሰው ነው»

የአእምሮ ሕክምና ለእብደት ብቻ አይደለም፤ አዲስ አበባ፣ አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ መሄድም ላያስፈልግ ይችላል። በድሬዳዋ ድል ጮራ፣ በሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ፍርሃቱ ወይም ድብርቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ያዩት ምስል እየተመለሰ ሥራ ከከለከለዎት፣ ቀጠሮ ይያዙ። ሞትን ማሰብ ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን፣ ከሚያምኑት ሰው ጋር ይሂዱ።