የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ፦ ሕገ መንግሥታዊ ክርክር የያዘ ጠበቃ የሚያንኳኳው በር

የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 82 የቆመ ተቋም ነው። ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ማጣራቱ ደግሞ የጉባኤው። ጉዳዩ ትርጉም ያስፈልገዋል ካለ የውሳኔ ሐሳብ አዘጋጅቶ ለምክር ቤቱ ይልካል። አያስፈልገውም ካለ ከፍርድ ቤት የመጣውን ወደዚያው ይመልሳል። ቅር የተሰኘ ወገን ለምክር ቤቱ ይግባኝ ማለት ይችላል።

አባላቱ 11 ናቸው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትሉ በሰብሳቢነትና በምክትል ሰብሳቢነት ይመሩታል። ስድስት የሕግ ባለሙያዎች በተወካዮች ምክር ቤት አቅራቢነት በሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንት ይሾማሉ። ሦስቱን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ከራሱ አባላት ይወክላል። "ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉሙት ፖለቲከኞች ናቸው" የሚል ወቀሳ ሲነሳ፣ ጉዳዩን መጀመሪያ የሚመረምረው እንዲህ ያለ ስብስብ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

የ1923ቱም ሆነ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት እንዲህ ያለ ጉባኤ አልነበራቸውም። አሠራሩ መጀመሪያ በአዋጅ ቁጥር 250/1993 ይመራ ነበር። ኋላ አዋጅ ቁጥር 798/2005 ተካው።

ከቀደሙት ጉዳዮች ሁሌም የሚጠቀሰው በ1996 ዓ.ም. የተወሰነው የአዲስ አበባው የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። በሸሪዓ ለመዳኘት ፈቃዳችንን አልሰጠንም የሚሉ ተከራካሪዎች ነበሩ። ጉባኤው ትርጉም አያስፈልገውም አለ። ምክር ቤቱ ግን አልተቀበለውም፤ ያለ ተከራካሪዎች ፈቃድ በሃይማኖት ሕግ መዳኘት ከአንቀጽ 34(5) ጋር ይጋጫል ብሎ ወሰነ።

ጉባኤውን ሕዝብ በስሙ ያወቀው በ2012 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 22 ቀን የምርጫ ቦርድ በኮሮና ምክንያት ስድስተኛውን አገራዊ ምርጫ በወቅቱ ማካሄድ እንደማይችል አሳወቀ። የተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን ደግሞ አምስት ዓመት ብቻ ነው። አራት አማራጮች ቀረቡ፦ ምክር ቤቱን መበተን፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል እና ትርጉም መጠየቅ። ሚያዝያ 27 ቀን የተወካዮች ምክር ቤት የመጨረሻውን መረጠ። ስለ ምርጫ፣ ስለ ምክር ቤቱ የሥራ ዘመንና ስለ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የሚደነግጉት አንቀጽ 54(1)፣ 58(3) እና 93 እንዲተረጎሙ ጠየቀ።

በወቅቱ ሰብሳቢዋ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። ጉባኤው ምሁራንና ባለሙያዎች በጽሑፍ ሐሳብ እንዲሰጡ ጋበዘ። በግንቦት ባለሙያዎች ፊቱ ቀርበው ሲያስረዱ አገር በቴሌቪዥን ተከታተለ። ሕገ መንግሥት ከመማሪያ ክፍል ወጥቶ ሳሎን ገባ፤ ለሕግ ሙያ ትልቅ ቀን ነበር። ሰኔ 1 ቀን የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ኬሪያ ኢብራሂም ሥልጣን ለቀቁ። ሰኔ 3 ቀን ምክር ቤቱ የጉባኤውን ሐሳብ በ114 ድጋፍ፣ በ4 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተአቅቦ አጸደቀ። ወረርሽኙ ስጋት አለመሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ምርጫ ይካሄድ፣ እስከዚያው ምክር ቤቶቹ ሥራቸውን ይቀጥሉ ተባለ። ትግራይ ጳጉሜን 4 ቀን የራሷን ምርጫ አደረገች፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤቱም ተቀባይነት የለውም አለ። አገራዊው ምርጫ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ተካሄደ። ትርጉም ወይስ የሥልጣን ማራዘሚያ የሚለው ክርክር ዛሬም አልበረደም።

ለጠበቃ ዋናው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ፍርድ ቤቶች ምን ቀራቸው? የአማርኛው አንቀጽ 84(2) ወደ ጉባኤው ስለሚቀርብ ክርክር ሲደነግግ የሚናገረው ሕግ አውጪ አካላት ስለሚያወጧቸው ሕጎች ነው። ከዚህ ተነስተው አስፈጻሚው አካል የሚያወጣቸውን ደንብና መመሪያ ፍርድ ቤት ራሱ ሊመረምር ይችላል የሚሉ አሉ። በአንቀጽ 106 መሠረት የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው አማርኛው ቅጂ ስለሆነ ክርክሩ ቀላል አይደለም። አዋጅ 798 ግን ለ"ሕግ" በሰጠው ትርጉም ደንብና መመሪያንም አካቷል። መመሪያን በተመለከተ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሰፊ በር ከፍቷል። ደንበኛህ የተጎዳው በፌዴራል መሥሪያ ቤት መመሪያ ከሆነ መጀመሪያ ያንን መንገድ እይ።

መሠረታዊ የሕግ ስህተትን የሚያርመው የሰበር ሰሚ ችሎትም ሕገ መንግሥቱን ከመጥቀስ ተቆጥቦ አያውቅም። በመዝገብ ቁጥር 23632 የሕፃንን ጥቅም በአንቀጽ 36 አስደግፎ ወስኗል። ያም ሆኖ የሰበር ፍርድ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ከተባለ ጉባኤው ዘንድ ይደርሳል።

አቤቱታ ይዞ ለሚሄድ ሰው ሁለት ነገር ወሳኝ ነው። የይግባኝና የሰበር እርከኖችን መጨረስ አለበት፤ የተጣሰውንም አንቀጽ ለይቶ ማሳየት አለበት። "ማስረጃዬ በትክክል አልተመዘነም" የሚል አቤቱታ እዚያ ሩቅ አይሄድም። የሕገ መንግሥቱ ነጥብ ከመጀመሪያው ክስ ወይም መልስ ላይ ቢነሳ ይመረጣል። የእርሻ መሬቱን በወለድ አገድ (አበዳሪው በወለድ ፈንታ መሬቱን እየተጠቀመ በሚይዝበት ውል) አስይዞ የቀረ ገበሬ ደንበኛህ ከሆነ፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት እንዲህ ያለውን ውል ስለ ንብረት መብት ከሚደነግገው አንቀጽ 40 ጋር አጋጭቶ ያየበትን ውሳኔ የመጀመሪያው ክስ ላይ ጥቀስ።