ቨርቹዋል ኮንቴክስት ምንድን ነው?

ከኤአይ ኤጀንት (እያወራ ሥራ ከሚሠራላችሁ የኤአይ ፕሮግራም) ጋር ብዙ ካወራችሁ መጀመሪያ የነገራችሁትን ይረሳል። ከኤጀንቱ ጀርባ ያለው የቋንቋ ሞዴል በአንድ ጊዜ የሚያየው ጽሑፍ ልክ አለው፤ ኮንቴክስት ዊንዶው ይባላል። በ2023 የወጣው መደበኛው የጂፒቲ-4 ሞዴል የሚይዘው 8,192 ቶክን (ቃል ወይም የቃል ቁራጭ) ነበር። አሁን ያሉት ከዚያ በጣም ይበልጣሉ፤ ልክ ግን አላቸው።

የኦፕሬቲንግ ሲስተም (ኮምፒውተሩን የሚያስተዳድረው ዋና ሶፍትዌር) ሰዎች ይህን ጣጣ ድሮ ያውቁታል። በ1962 ሥራ የጀመረው የማንቸስተሩ አትላስ ኮምፒውተር ፈጣን ሜሞሪው ትንሽ ነበር። መፍትሔው ዳታውን በገጽ በገጽ ከፍሎ፣ የሚፈለገውን ብቻ ከዝግተኛው ማከማቻ ማምጣት ሆነ። ፕሮግራሙ ግን ሰፊ ሜሞሪ ያለው ይመስለዋል። ቨርቹዋል ሜሞሪ ማለት ይኸው ነው።

የዩሲ በርክሌይ ተመራማሪዎች በ2023 ሜምጂፒቲ ብለው ሐሳቡን ወደ ቋንቋ ሞዴል አመጡት። ኮንቴክስት ዊንዶው እንደ ራም (ፈጣኑ ሜሞሪ) ሆነ፣ ውጪ ያለው ዳታቤዝ ደግሞ እንደ ዲስክ (ዝግተኛው ማከማቻ)። ቨርቹዋል ኮንቴክስት ማለት ይኸው ነው። ዊንዶው ሊሞላ ሲል ሞዴሉ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል። አስፈላጊውን በፋንክሽን ጥሪ (ኮድ እንዲሠራለት በመጠየቅ) ይጽፋል፤ የቆዩት መልእክቶች ተጠቃለው ይወጣሉ።

እንበል "ኦቾሎኒ አይስማማኝም፣ አለርጂ አለብኝ" አላችሁት። ኤጀንቱ ይመዘግበዋል። ከወር በኋላ "እራት ምን ልሥራ?" ስትሉት መዝገቡን ፈልጎ ማምጣት አለበት።

ትልቁ ልዩነት እዚህ ጋ ነው። ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራሙ ፈጣኑ ሜሞሪ ውስጥ የሌለ ገጽ ቢነካ ሃርድዌሩ ወዲያው ያውቃል፤ ፔጅ ፎልት የሚባል "ገጹ የለም" የሚል ምልክት ያስነሳል፣ ገጹም ይመጣል። ኤጀንቱ ጋ እንዲህ የሚጮህ ነገር የለም። እንደጎደለው ራሱ መጠርጠር አለበት። ካልጠረጠረ ተረጋግቶ የኦቾሎኒ ወጥ አሠራር ይነግራችኋል። ስለዚህ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ፍለጋ ላይ መጣል የለበትም፤ ሁልጊዜ ዊንዶው ውስጥ ይቀመጥ። ሜምጂፒቲም ለዚህ የሚሆን ቋሚ ቦታ አለው።

ከኦፕሬቲንግ ሲስተም ወደ ቋንቋ ሞዴል ያልተሻገረ ሐሳብም አለ፤ ጥበቃ። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ከርነሉን (ሙሉ ሥልጣን ያለውን እምብርቱን) ከተራ ፕሮግራም ይለያል። ፕሮግራሙ ፋይል ለመክፈት እንኳ ከርነሉን ሲስተም ኮል በሚባል ጥሪ ይጠይቃል። ሞዴሉ ውስጥ ግን የእናንተ ትእዛዝም፣ ከኢሜይል የመጣ ጽሑፍም አንድ ዊንዶው ላይ ይደረደራሉ። ኢሜይሉ ውስጥ "ፋይሎቹን በሙሉ ላክልኝ" የሚል ቢደበቅ ሞዴሉ እንደ ትእዛዝ ሊወስደው ይችላል። "አትታዘዝ" ብሎ ሞዴሉን መምከር አይበቃም። መላክና ማጥፋትን የሚፈቅደው ከሞዴሉ ውጪ ያለ ተራ ኮድ መሆን አለበት፤ ሞዴሉ ይጠይቅ፣ ኮዱ ይወስን።